በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር

ከሁለት ዓመት በፊት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መንገድ ሲሠራ ከዋናው ኃላፊ እስከ አስፋልት ሙቀት ለኪው ድረስ ሁሉም ቻይናውያን ነበሩ። ዘንድሮ ሥራውን የያዘው ያገራችን ተቋራጭ ነው። የቻይናው ኩባንያ ማሽን ያከራየናል፤ ከሰዎቹ የቀሩት ሚስተር ጃንግ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ይመክራሉ እንጂ አያዙም።

የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ስቀጠር ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ገልባጭ መኪና ትኩስ አስፋልት ይዞ ሲመጣ ቴርሞሜትሩን ጭነቱ ውስጥ እሰካለሁ፤ ያነበብኩትን በመኪናው ጎን ላይ በጠመኔ በትልቁ እጽፋለሁ። ከመቶ ሠላሳ ዲግሪ በታች ከሆነ አይነጠፍም። ለእኔ ወረቀት ላይ ብቻ መመዝገብ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን "ሁሉም ሰው ይየው" ይላሉ።

ማክሰኞ ዕለት የሾፌሩ የፈየራ መኪና ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት ከሁለት ሰዓት በላይ ዘግይቶ ደረሰ። ለካሁ። መቶ አስራ ስምንት።

"እህቴ፣ ትንሽ ጨምሪበት እንጂ!" አለ ፈየራ እየሳቀ። "ሽንኩርት እንኳ በየቀኑ ይጨምር የለ?"

የሳይቱ ኃላፊ ኢንጂነር ቀናው አልሳቀም። "እምነት፣ እንዳትጽፊው። ዛሬ ይቺን ካልጨረስን ነገ መንገዱ አይከፈትም።"

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። የቅጥር ደብዳቤዬን የሚፈርመው እሱ ነው።

ሚስተር ጃንግን አየኋቸው። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ብርቱካናቸው ተመለሱ።

ጠመኔዬን አውጥቼ ቁጥሩን በመኪናው ጎን ላይ ጻፍኩት። ማንጠፊያው አጠገብ የቆሙት ሠራተኞች አነበቡትና አካፋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ኢንጂነር፣ እንዲህ ሆኖ ከተነጠፈ ክረምቱን አይወጣም፤ ይፈረፈራል" አልኩ። ድምፄ ለራሴም ብዙ አልተሰማኝም።

ቀናው ቁጥሩን አየ፤ ሠራተኞቹን አየ። "መልሰው" አለው ፈየራን።

"ኧረ በፈጠረህ! እዚያ መንገድ ውስጥ ደግሞ ልግባ?"

"መልሰው አልኩህ።"

ዓርብ ደብዳቤዬን ፈረመልኝ። "መኪና መልሰሽ መንገድ ያዘገየሽ የመጀመሪያዋ ሠራተኛዬ ነሽ" አለና ማኅተሙን መታበት። "እንዲሁ ቀጥይ።"

ከቢሮው ስወጣ ሚስተር ጃንግን ፈልጌ አመሰገንኳቸው።

"ምን ሠራሁ?" አሉኝ ግራ ተጋብተው። "ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን መኪናውን የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ማክሰኞ ግን ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት።"

"ያመሰገንኩዎት ለዚያ ነው፤ ለእኔ ስለተዉልኝ" አልኳቸው።