በፈረንጅ ዓመት የወጣ አልቦ

ሄርሞን መጀመሪያ ትናገራለች፣ ከዚያ ታስባለች። እናቷ ቤርሳቤህ «የአንቺ ምላስ ቀድሞሽ አውሮፕላን ይሳፈራል» የምትላት በከንቱ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ «የሒሳብ ታሪክና ባህል» የሚባለውን ኮርስ የመረጠችው እንደ ተረት ይቀላል ብላ ነበር። አስተማሪዋ ዶክተር ፈሪዳ የየአገሩን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ሲደረድሩ ቆዩና የግዕዙ ተራ ደረሰ።

«እነዚህ ዜሮ የላቸውም» አሉ።

«አለን!» አለች ሄርሞን ከኋላ። ማን ጠየቃት? ብድግ ብላ ሄደችና ፲ን ጻፈች። «ይኸው አሥር። አንድና ዜሮ።»

«አንዱ የትኛው ነው? ዜሮውስ?»

አየችው። ፲ አንድ ራሱን የቻለ ፊደል ነው፤ ውስጡ አንድም ዜሮም የለም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«እሁድ ዜሯችሁን ይዘሽ ትመጫለሽ» አሉ ዶክተር ፈሪዳ። «ከኮርሱ ውጤት አርባው በእሱ ይታሰባል።»

ነገሩ የሳቅ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ቤርሳቤህ ነርስ ናት፤ ልጇም ነርስ እንድትሆንላት ነው የምትፈልገው። «ሒሳብ ተምሮ ዶሃ ውስጥ ማን ሹግል፣ ማን ሥራ አገኘ? አንድ ኮርስ ብትወድቂ ኸላስ፣ አበቃ፣ ነርሲንግ ትገቢያለሽ» ብላ ሄርሞንን በወረቀት አስፈርማታለች። ወረቀቱ ዶሃ፣ አል ነስር ሰፈር ባለው ቤታቸው ፍሪጅ ላይ በማግኔት ተለጥፏል። ውኃ ለመጠጣት ፍሪጁን በከፈተች ቁጥር የራሷ ፊርማ ያፈጥባታል።

ከዚያ ቀን ወዲያ መቀመጥ አቃታት። ኢንተርኔት ፈለገች፣ የለም። እራት ላይ እግሯ ጠረጴዛውን ያርገበግበዋል። እስክሪብቶ አኝካ ጨረሰች። ሐሙስ ግን እናቷ ስልክ እያነሳች «ጾሙ መቼ እንደሚገባ ካሳነሽን ልጠይቃት» ስትል ሰማች።

«እሷ በምን ታውቃለች?»

«አባቷ መሪጌታ ነበሩ። በባሕረ ሐሳብ፣ በጣቷ ቆጥራ ትነግርሻለች።»

ካሳነሽ አል ሰድ ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት ትሠራለች። ዓርብ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ይፈቀድላትና ናጅማ ሰፈር፣ ከጓደኞቿ ጋር ወደተከራየችው ክፍል ትመጣለች። ሄርሞን የግዕዝ ቆጠራ ዜሮ አያጣም ብላ፣ ቀድማ ደርሳ ከሥር ካለው ሱቅ እስከ ደረጃው ሃያ ጊዜ ተመላለሰች።

«እትዬ ካሳነሽ፣ ባሕረ ሐሳብ አስተምሪኝ። አሁን።»

«በሁለት ሰዓት? አባቴ እኮ ስንት ክረምት ነበር የሚፈጅባቸው።»

«አንቺስ ስንት ክረምት ተማርሽ?»

«እኔማ ሴት፣ ማን ያስተምረኛል? አጥር ሥር ጭራሮ እየለቀምኩ ሰማሁ። ተማሪዎቹ ሲሳሳቱ ከውጭ እስቃለሁ፣ አባቴ ጠጠር ይወረውሩብኛል።» ጣቶቿን ዘረጋች። «ያላ፣ ጻፊ። አምስት ሺህ አምስት መቶ ያዢ። ዓመተ ምሕረቱን ጨምሪበት። አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኙን እያወጣሽ ጣይ፤ የተረፈው መደብ ይባላል። ከመደቡ አንድ ቀንሺ፣ ወንበር ነው። ወንበሩን በአሥራ አንድ አባዢና ሠላሳ ሠላሳውን ጣይ፤ የቀረሽ አበቅቴ ነው። ጾሙም ፋሲካውም ከዚህ ነው የሚነሣው።»

ሄርሞን ስልኳ ላይ ያለውን ዓመት፣ ሁለት ሺህ ስድስትን ደመረች። ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስድስት። አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኙ ሲወጣ አንድ ተረፈ። ከአንድ አንድ ሲቀነስ...

«ተበላሸ! ምንም አልቀረም!»

«ምን ይበላሻል? ወንበር አልቦ፣ አበቅቴ አልቦ» አለች ካሳነሽ እንደ ዋዛ።

የሄርሞን እግር በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። «ምን አልሽ?»

«አልቦ። በግዕዝ የለም ማለት ነው። ቆይ ቆይ... ዘንድሮ አልቦ አይደለም! ዘንድሮ አበቅቴው አንድ ነው። ስንት ዓመት ነው የያዝሽው?»

«ሁለት ሺህ ስድስት።»

ካሳነሽ አልጋው ላይ ተዘርራ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ በፈረንጅ ጾም ልታስገቢን! በእኛ ዘጠና ስምንት እኮ ነው! ያንቺ አልቦ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል!»

«ይቅረው። እንዴት ነው የሚጻፈው? ምልክቱ? ዶክተሯ እሁድ አምጪ ብላኛለች።»

«ከሌለ ምኑ ይጻፋል? አልቦ ብለሽ ታልፊያለሽ።»

እግሯ እንደገና ጀመረ። ክፍሉን ከካሳነሽ ጋር የተከራየችው ጣሂራ ከላይኛው አልጋ አንገቷን ብቅ አደረገች። «አንድ ክብ ሣይና ከላይ ከታች መስመር አድርጊበት። ዶክተሯ በምን ታውቃለች?»

ሄርሞን ሣለችው። ጉድ ነው! ከ፱ ጎን ቢያስቀምጡት አብሮት ያደገ ይመስላል። ካሳነሽ አየችውና ሳቋ ቆመ። «ያንን ስታሳዪ የአባቴን ስም እንዳታነሺ» ብላ ጫማዋን አጠለቀች፤ ሰዓቷ ደርሶ ነበር።

ቅዳሜን ሙሉ ወረቀቱን ስታወጣና ስታስገባ ዋለች።

እሁድ ሰሌዳው ላይ ሒሳቡን አወረደችው፤ ሁለት ሺህ ስድስትን ይዛ፣ ግን «ይህ ዓመት በእኛ ገና አልመጣም» ብላ። አልቦ ላይ ስትደርስ ዶክተር ፈሪዳ እጃቸውን አነሡ።

«ምልክቱስ?»

ወረቀቱ ኪሷ ውስጥ ነው። ነካችው።

«ምልክት የለውም» አለች። «ያለው ቃሉ ነው። ያስተማረችኝ ካሳነሽ የምትባል ሴት ናት፣ አጥር ሥር ሆና የሰማች። ምንም ካልቀረ አልቦ ትላለች፤ ቆጠራው ግን አይቆምም። ባለፈው ምልክት አለን ያልኩት ውሸቴን ነው።»

«አልቦ በአሥራ አንድ ሲባዛስ?»

«አልቦ።»

ዶክተር ፈሪዳ ሰሌዳው ላይ በአረብኛ «ሲፍር» ብለው ጻፉ። «ዛሬ ዜሮ የምንልበት ይህም መጀመሪያ ባዶ ማለት ብቻ ነበር» አሉ። ከዚያ ደብተራቸው ላይ ጎንበስ አሉ። «ሠላሳ። አሥሩን ለውሸትሽ ቀንሻለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ሳትደርስ ስልኳ ጮኸ። ቤርሳቤህ ናት።

«ስንት?»

«ከአርባ ሠላሳ። ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንሺልኝ።»

«አሥሩስ የት ገባ?»

«አልቦ።»

«ምን አልሽኝ አንቺ?»