ፕሮግራሞች ያለ ሥጋት የሚታደሱባት ከተማ

በደም ባንካችን ኮምፒውተሮቹን የምንከባከብ እኔ ነኝ። አንድ ቀን የተጻፈበት ኮድ ለሁሉ ክፍት የሆነውን ሥርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ፕሮግራም፣ ባዘመንሁ ጊዜ፣ በደም ከረጢቶች ላይ የሚለጠፈውን መለያ የሚያትመው ፕሮግራም ሥራ አቆመ። ሲስተር ውብአንቺ መለያውን በእጇ ስትጽፍ ውላ፣ ማምሻውን ስትወጣ፣ «አንዱን ብሳሳት ሰው ይሞታል። ነገም እንዲሁ ነው?» አለችኝ። ከእንግዲህ ምንም አላዘምንም ብዬ ቆርጬ፣ ልቤ ግን እንደታወከ ጋደም ባልሁበት እንቅልፍ ወሰደኝ።

እነሆም በሰፊ ሜዳ ላይ በተሠራች ከተማ መግቢያ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ፊቷ የረጋ አንዲት ረጅም ሴት ቀርባ፣ «ፍኖት እባላለሁ። የዚህች ከተማ ሰዎች ፕሮግራሞቻቸውን እንዴት እንደሚያድሱ ላሳይህ ተልኬአለሁ» አለችኝ።

በመጀመሪያው ሠፈር ፕሮግራሞች ሁሉ ለመሥራት የሚያስፈልጓቸውን ትንንሽ የፕሮግራም ክፍሎች ከአንድ የጋራ ግምጃ ቤት ይወስዱ ነበር። ጉድለት ሲገኝ ግምጃ ቤቱ አንድ ጊዜ ይጠግነዋል፤ ጥገናውም ለሁሉም ይደርሳል። ይሁን እንጂ ዓይናችን እያየ አንድ ክፍል ተለወጠና የወፍጮ ቤቱ ፕሮግራም ጸጥ አለ።

«የኔም ጉዳት ይኸው ነው» አልኋት።

«አዎን። አዲሱን ክፍል ሲያስገቡ ባለወፍጮውን የጠየቀው የለም።»

በሁለተኛው ሠፈር እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያሻውን ሁሉ በራሱ ጥቅል ይዞ ይኖራል፤ የአንዱ መታደስ ሌላውን አይነካም። ደስ ብሎኝ፣ «እዚህ ልቅር» አልኋት። እርሷ ግን አቶ ድንበሩ ወደሚባል ነዋሪ ወሰደችኝ። ኮምፒውተሩ በየጥቅሉ በተደጋገሙ ክፍሎች እስከ አፉ ሞልቶ ነበር።

«አንዱ ክፍል ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ተገኘበት» አለን። «ያው ክፍል በብዙ ጥቅሎች ውስጥ አለ። ከጥቅሎቹ ሠሪዎች አንዳንዶቹ ጠገኑ፣ ሌሎቹ ሥራውን ትተው ሄደዋል። የቱ እንደዳነ በምን ልወቅ?»

በሦስተኛው ሠፈር አዲሱን ሥርዓት ከአሮጌው ጎን ሙሉውን ያዘጋጁታል፤ እስኪያልቅም አሮጌው ሥራውን አያቋርጥም። ከዚያ ባለሥራዎቹ ተቀምጠው ይሞክሩታል። ትርንጎ የተባለች አዋላጅ፣ «የእኔ ፕሮግራም አልሠራም» አለች። ማንም አላጉረመረመም፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሲያስነሡት አሮጌው ተመለሰ፣ እርሷም ሥራዋን ቀጠለች።

«ይህስ ጉድለት የለውም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አለው። ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ለጥቂት ለውጥም አጥፍቶ ማስነሣት ግድ ነው። ደግሞም አዋላጇን የሚሰማ ባይኖር ምን ይጠቅም ነበር?»

«ማዘመኑን ጨርሶ ብተወውስ?»

ወደ ከተማዋ ዳርቻ ጠቆመችኝ። ለዘመናት ምንም ያልታደሰባቸው ቤቶች በሮቻቸው ወልቀው፣ እንግዳ ሰዎች የነዋሪዎቹን ምሥጢር ተሸክመው ይወጡ ነበር።

«በደም ባንካችሁ ኮምፒውተር ውስጥ የማን ምሥጢር አለ?» አለችኝ ድምጿን ሳታነሣ።

ደም የሰጡንን ሰዎች አሰብሁና አፈርሁ፤ በዚያው ነቃሁ።

ያየሁትን እንደኔ ኮምፒውተር ለሚጠብቁ ሁሉ ልነግር ወሰንሁ፤ አስቀድሜም ለሲስተር ውብአንቺ ነገርኋት።

«እንግዲያው አሮጌውን ከመቀየርህ በፊት አዲሱን እኔ ልሞክረው» ብላ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች።