የተንጠለጠለው ወጥ ቤት

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጭጋጉ ከወንዙ ተነሥቶ ዋጠው።

"ቁም!" አለ የተከላው ኃላፊ ዩኒ በሬዲዮኑ። የክሬኑ ክንድ ቀጥ አለ። ከነመስኮቱ፣ ከነወጥ ቤቱ፣ ከነመታጠቢያው ተሠርቶ ያለቀ መኖሪያ ነጩ ነገር ውስጥ ቀስ እያለ ይዞር ነበር። "አውርደው። የማላየውን አላስቀምጥም።"

ክፍሉን ከከተማው ርቆ ባለ አዳራሽ ውስጥ የገጣጠመው የሲግኒልድ ቡድን ነው፤ ዛሬ ሲተከል እንድትቆጣጠር ፋብሪካው ልኳታል። ከአጥሩ ወዲያ በከዘራ የቆመው ኤቨርት አባቷ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በብርድና በዝናብ ቤት የሠራ አናጢ። ክፍሉ የተመደበው ለእሱ ነው፤ ግን ዛሬ ከምሳ በፊት "እገባለሁ" ካላለ ማዘጋጃ ቤቱ ለሌላ ጡረተኛ ይሰጠዋል። አምና በክረምት ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል። ሌላ ክረምት እዚያ ብቻውን እንደማይዘልቅ ሁለቱም ያውቃሉ፤ የምትናገረው ግን እሷ ብቻ ናት።

"በመኪና የመጣ ቤት በመኪና ይሄዳል" አለ ኤቨርት።

"የሚሄድበት የለውም፣ አባዬ። የሥራ ቆቡን አድርግና ወደ ወረደው ክፍል ግባ፣ ጭጋጉ እስኪገፈፍ።"

"ደግሞ የጣሪያውን አክሊል መቼ ሰቀላችሁለት? አውራ ጎዳና ላይ?"

ዩኒ ሳቀ። ጣሪያ ሲገጠም የጥድ አክሊል ሰቅሎ ሠራተኛውን ማብላት ከአያት የወረደ ደንብ ነው። መጀመሪያውኑ ጣሪያ ሥር ለሚሠራ ቤት ደንቡ ምን እንደሚል ግን ማንም አያውቅም።

"አዳራሹ ውስጥ ሰቅለንለታል። ኬክም በልተናል።"

"ዝናብ ሳይነካችሁ!"

"እንጨቱንም አልነካውም። ያንተዎቹ ጣሪያ ሳይለብሱ ነበር የሚሻግቱት።"

"አንቺ ልጅ!"

"ውሸት ነው?"

"አንድ ሁለቱ" አለ፤ ገባም።

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጡ። ኤቨርት ከፔርሙዙ ቡና ቀድቶ እንደ አገሩ ልማድ የአይብ ቁራጭ ጣል አደረገበት። መስኮቱ ነጭ ብቻ ነበር፤ ዛፍም አጥርም የለም። ክፍሉ ገና በአየር ላይ ያለ ይመስል ነበር። ድምፃቸው ሳያውቁት ዝቅ አለ።

"አሁን የት ነን?"

"መኪና ማቆሚያው ላይ።"

"አይመስልም።" አይቡ ጽዋው ውስጥ ሲለሰልስ ተመለከተ። "ወንዙ በየት በኩል ይሆናል?"

"በዚህ። ከፎቅ ሲታይ እስከ ድልድዩ ድረስ።"

እጁን ዘርግቶ የግድግዳውን ጥግ ዳሰሰ፤ ጣቱ ከታች ወደ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ።

"ጥግሽ ልክ ነው።"

"ማሽን ነው የቆረጠው።"

"ማሽኑን ማን አዘዘው?"

ሲግኒልድ ቡናዋን ጠጣች።

"ፋብሪካው ይዘጋል ይባላል" አለ።

"ጡረተኞቹ ከገቡ ማዘጋጃ ቤቱ ሌላ ሕንፃ ያዛል። እምቢ ካሉ እኛም አበቃልን። ግን ለኔ ብለህ እንዳትገባ፤ ሥራ አላጣም።"

"ላንቺ ብዬ ከወንበር እንኳ አልነሣም።"

"ጥሩ።"

ነጩ ቀስ በቀስ ሳሳ፣ የአንድ በርች ዛፍ ጥላ ታየ፣ ጠፋ፣ እንደገና ታየ። ኤቨርት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ተኝቶ እንደሆነ አልጠየቀችውም።

በሩ ተደበደበ። "አንተ ሽማግሌ፣ ወይ ውረድ ወይ አብረህ ብረር!" አለ ዩኒ።

ወጡ። ክፍሉ እንደገና ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ፀሐይ መስኮቱ ላይ አረፈች። ኤቨርት ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ "ወደ ግራ… ቀስ… ቀስ" ይል ነበር። ክፍሉ ቦታው ላይ ሲቀመጥ እፍኝ አሸዋ እንደመፍሰስ ያለ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ደረጃውን በከዘራው እየተደገፈ ወጣ፤ ሲግኒልድ ከኋላው። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። የበሩን መቃን ይዞ፣ ዳሌው እያመመው ጎንበስ አለና የቦት ጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። በግንባታ ቦታ ጫማ ማውለቅ ክልክል ነው፤ ይህን ደንብ ለሠራተኞቹ ጠዋት ያነበበችው እሷ ራሷ ናት። ጫማ የሚወለቀው ቤት ሲገቡ ነው።

"አባዬ…"

"ምን?"

ሲግኒልድ ዩኒ ወደ ላይ እንደማያይ አረጋገጠች። ከዚያ ተንበርክካ የሌላውን እግሩን ማሰሪያ ፈታችለት።