ብድር የሌለው ሳህን

...ማገዶውስ፣ ማገዶውን ማን እንዲህ ከምሩት አላቸው፣ በየዓመቱ እስከ ጣሪያው ጫፍ ነው የሚደረደረው፣ ዘንድሮ መስኮቱ ጋ ሲደርስ አቆሙ፣ ኔልዳ ልጄ፣ ምነው ክረምቱን አጋምሰሽ ተውሽው ብላት፣ ደረቅ እንጨት ጠፋ እማዬ አለችኝ፣ ጠፋ! በቺሎኤ ደሴት እንጨት ጠፋ፣ ባሕሩም ደረቀ በይኛ። ዞር ብላ ድስት ማማሰል ያዘች፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ነው።

መጸውም እንደነሱ ይቸኩላል። ፖሙ ዛፉ ላይ ነበር፣ አንድ ሌሊት ነፈሰ፣ ጠዋት ሁሉም መሬት፣ ቅጠሉ በወጉ ሳይቀላ ረገፈ፣ እንግዳ እንኳ አፉን አርሶ ነው የሚሄደው፣ ይሄ መጸው ግን ደጃፍ ቆሞ እንደምን ዋላችሁ ብሎ አለፈ። ወይስ እኔ ነኝ... ተይ ክሎሪንዳ። ተይ።

ድንቹንም ቆፈሩልኝ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፣ ሳልጠራው፣ እዚህ አገር ሳይጠራ የሰው ድንች የሚቆፍር የለም፣ ትጠራለህ፣ ታበላለህ፣ በተራህ የሱ ማሳ ላይ ወገብህን ትሰብራለህ። ኡምቤርቶ፣ ያንተ ቁፋሮ መቼ ነው፣ ቀኔን ልመልስ ብለው፣ ኧረ ይተዉት እትዬ ክሎሪንዳ፣ እኛ ምን ይጎድልብናል አለኝ። ምን ይጎድልብናል! አምና ግማሽ ቀን አስቀረችብኝ ብሎ በየቤቱ ሲያማኝ የከረመ ሰውዬ።

ሐኪሙም፣ ታካሚዋ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ቢጠብቁን፣ ብሎ ኔልዳን አስቀራት። ዕድሜ ነው፣ ደህና ናቸው አለኝ አለች። ዕድሜ ለመናገር በር ይዘጋል?

ኦርፌሊና ግን መደበቅ አትችልም፣ ጎረቤቴ፣ ያ ምላሷ የት አባቱ ያስቀምጣታል። ሰሞኑን አሳማዋን አረደች፣ ሳህኑ መጣ፣ ጎድኑ፣ ደም የተሞላው አንጀት፣ በስቡ የተጠበሰው የድንች ቂጣ፣ እንደ ወጉ። እኔም የራሴን ሳርድ ያንኑ ያህል መመለስ ነው፣ አንዲት አጥንት ሳትጎድል። አምና አሳንሼ ልኬ አጥሩ ጋ ቆማ፣ አንቺ ክሎሪንዳ፣ ይሄ ለኔ ነው ለድመቴ? መንደሩ ሁሉ ሰማ፣ ተኮራረፍን፣ እንዴት ደስ ይል ነበር። ዘንድሮ ሳህኑን ስትሰጠኝ፣ ብድሩን አታስቢ አለችኝ። አታስቢ። ዓይኗ ጫማዬ ላይ ነው።

የኔ አሳማ ለሰኔ ነው የሚቀለበው። ሰኔ ለኔ ሩቅ ነው እንዴ?

እንግዲያው ሰኔን አልጠብቅም፣ ዛሬ ጠዋት ኡምቤርቶን ጠርቼ እረድልኝ አልኩት፣ ገና አልሰባም ሊል አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ያ ተከራካሪ ሰውዬ ቢላውን አነሳ። እዩት! ሳህኑ ላይ አንዲት ጎድን አደረግሁ፣ ውሻ የጋጣት የምትመስል፣ ቂጣ የለ፣ አንጀት የለ። ሆን ብዬ። እንዲህ ያለ ሳህን ለጠላትም አይላክም። ከሰደበችኝ ደህና ነኝ፣ ከሰደበችኝ ሁሉም የኔው ክፉ ሐሳብ ነው፣ ኔልዳንም ይቅርታ እላታለሁ።

አጥሩን አለፍኩ፣ ጭቃው ጫማዬን ይይዛል፣ ትንፋሼ ያጥረኛል፣ ዳገት ነው፣ አይ ዳገት እንኳ አይደለም። በሯን ከፈተች። እንኪ ብድርሽን። የሳህኑን ጨርቅ ገለጠች፣ አየች። በይ እንጂ፣ ንፉግ በይኝ፣ ስስታም በይኝ፣ መንደሩን ጥሪብኝ፣ ኦርፌሊና፣ በናትሽ፣ ተቆጪ።

ሳህኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። እግዜር ይስጥሽ ክሎሪንዳዬ አለችኝ፣ ይሄ ሁሉ ለኔ? እጄን ያዘችኝ፣ ስንት ዘመን ስንጨቃጨቅ አንድ ቀን እጄን ይዛኝ አታውቅም፣ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፣ እጄንም አልነጠቅኳትም።