የወጋ እንዳይረሳ

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ። እኔ ካሳነሽ ሠላሳ ዓመት ዲላ ስኖር ቂም ይዤ አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ያዝኩ፤ እሱንም አጥብቄ ያዝኩት።

የያዝኩት ዋርሳዬን፣ የባሌን ታናሽ ወንድም ጉግሳን ነው። ባሌ ኃይለኢየሱስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሞተ በአራተኛው ወር ድስት ጥጄ ረሳሁና የማድ ቤቱ ጣሪያ ተቃጠለ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንኳን ድስት ራሱንም ይረሳል። ልጅ አልወለድንም፤ የታላቅ ወንድሙ ቤት ለእኔ መቅረቱ ጉግሳን ሲያንገበግበው ከርሟል። በሳምንቱ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አመለከተ። «ካሳነሽ ጃጅታለች፤ ሰፈሩን ሳታቃጥል ሞግዚት ይሾምላት» አለ።

ጊዜው ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። የሸንጎው ሰብሳቢ ይርጉ «እማማ፣ አሁን ምን ወር ላይ ነን?» አለኝ። ጥቅምት አልኩ፤ ለካ ኅዳር ከገባ ሰንብቷል። «የቀበሌያችን ሊቀመንበርስ ማነው?» አለኝ። ወንድይፍራው አልኩ። ሸንጎው እርስ በርሱ ተያየ። ወንድይፍራው በዚያው ሳምንት ታስሮ ኖሯል፤ ስሙን የሚያነሳ ሰው አልነበረም። በአንድ ዓመት ሦስት ሊቀመንበር ሲቀያየር የትኛውን ልያዝ? ጉግሳ ብድግ ብሎ «አልነገርኳችሁም? እንኳን ድስት አብዮቱንም ረስታዋለች» አለ። ሳቁብኝ። መዝገቡ ላይ «አእምሮዋ ደክሟል» ብለው ጻፉና ቤቴንም እኔንም ለጉግሳ ሰጡት።

ጉግሳ ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹም አገር ለቀው ሄደዋል። ዕቃውን ጭኖ ገባና እኔን ወደ ጓዳ አወረደኝ። የቀበሌ ካርዴን ኪሱ ከቶ ስኳሬን በማንኪያ እየለካ ይሰጠኝ ጀመር። «እታለም፣ አንቺ ትረሺዋለሽ፤ እኔ ልያዝልሽ» ይለኛል፣ ሰው ፊት ለስልሶ። እርር ድብን ያደረገኝ ያ ልስላሴው ነው። እዚያ ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማልኩ፤ እኔን ባዋረደበት ሸንጎ ፊት ሳይዋረድ አልሞትም ብዬ።

በዚያን ሰሞን አንድ ኩባዊ ሐኪም ዲላ መጥቶ ነበር። ጎረቤቴ ሰፊያ፣ የባለሱቁ የነዚፍ ሚስት፣ እየጎተተች ወሰደችኝ። ሐኪሙ በአስተርጓሚ ብዙ ጠየቀኝና ሳቀ። እናቱ ሰማንያ ዓመቷ ነው አለ፤ አገሯ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ከጎረቤቶቿ ጋር ዶሚኖ ትጫወታለች፣ ስትሸነፍም ትሳደባለች፣ አንድ ነገር አይጠፋትም። «አንቺን ያደነዘዘሽ ሐዘን ነው። ጭንቅላትሽን ሥራ አታስፈቺው» አለኝ። ኪኒን ይሰጠኛል ስል በምክር ሸኘኝ።

ዶሚኖ ከየት ላምጣ? ሰፊያ ገበጣ ነበራት። ጉግሳ ወጣ ሲል እሷ ዘንድ እሮጣለሁ። መጀመሪያ አዝናልኝ ሆን ብላ ትሸነፍልኝ ነበር፤ እንደ ሐኪሙ እናት ሰደብኳት፣ ተወች። ውሎ አድሮ በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር እንዳለ ሳልነካ ማወቅ ቻልኩ። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ከልጅ እግሮች ጋር ሀ ሁ ቆጠርኩ። የቀበሌውን ሹም ሁሉ፣ የወጣውንም የወረደውንም፣ በቃሌ ያዝኩ። ቂም ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ክፍል አያስቀርም።

በሁለተኛው ዓመት ጉግሳን ታዘብኩት። ስኳር ለክቶ ሰጥቶኝ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይለካል። አንድ ቀን ወናጎ ለቅሶ ሄዶ መንገዱ ጠፋበትና የማያውቁት ሰዎች ይዘውት መጡ። ሐኪሙ ገና አገሩ አልገባም ነበር፤ ልወስደው እችል ነበር። አልወሰድኩትም። እንዲበስል ተውኩት።

በሰባ አራት ኅዳር ላይ ማመልከቻዬን በገዛ እጄ ጽፌ ሸንጎው ፊት ቀረብኩ። ይርጉ አሁንም ሰብሳቢ ነው። ወሩን ከነቀኑ ነገርኩት። ሊቀመንበሩን፣ ከእሱ በፊት የነበሩትንም በየተራ ጠራሁ፤ የታሰሩትን አውቄ ዘለልኳቸው። ከዚያ «ሞግዚቴም ይጠየቅልኝ» አልኩ።

ይርጉ እየሳቀ «እሺ ጋሽ ጉግሳ፣ ምን ወር ላይ ነን?» አለው። ጉግሳ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «እኔስ ማነኝ?» አለው ይርጉ፣ ሳቁን ትቶ። ጉግሳ ትክ ብሎ ተመለከተው። «ኃይለኢየሱስ አይደለህም እንዴ?» አለ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አልዋሽም።

ቤቴን መለሱልኝ። ዲላ ውስጥ ሌላ ዘመድ ስለሌለው እኔኑ ሞግዚት አደረጉለት። ካርዱን ኪሴ ከተትኩ፣ መኝታውን ጓዳ አነጠፍኩ። ሰፊያ «ወላሂ አላህ ፈርዶልሻል፤ በቃ አሁን ተይው» አለችኝ። ምኑን ነው የምተወው? «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ረስቶ ማረፍ ለእሱ ምን ቅጣት ነው? አይረሳም፤ አልፈቅድለትም አልኩ።

ሐኪሙ ለእኔ ያዘዘውን እኔ ለጉግሳ አዘዝኩ። በየቀኑ ምሳ ከበላን በኋላ ገበጣውን አቀርባለሁ፣ እንጫወታለን፣ አሸንፈዋለሁ። ከዚያ «ጓዳ ያስገባኝ ማነው?» እለዋለሁ። «እኔ» ይላል አቀርቅሮ። «ካርዴን የወሰደውስ?» «እኔ።» ያኔ ሻዩ ውስጥ ስኳር እጨምርለታለሁ። ሰፈሩ ካሳነሽ እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት ይላል። እንዲህ እያልን ዓመት ሞላን።

ባለፈው ማክሰኞ ጠጠሩን እጁ ውስጥ እንደጨበጠ ቀረ፤ የት እንደሚጥለው ጠፋው። «ጓዳ ያስገባኝ ማነው?» አልኩት። ጠጠሩን አገላበጠ። ደገምኩለት። ዓይኑ እንባ ሞላና እጄን ያዘኝ።

«እታለም፣ እንዲህ ያደረገሽ ማነው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ። እኔ ወንድምሽ እያለሁ? አልለቀውም።»

ከልቡ ነበር። ስንት ዓመት ያሳደድኩት ሰው ፊቴ እንደተቀመጠ አመለጠኝ፤ በቦታው የሚቆረቆርልኝ ሰው ትቶልኝ ሄደ። ተናደድኩ። አለቀስኩም፣ ለየትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ስኳሩን ጨመርኩለት። ከዚያ ጠጠሮቹን አራት አራት አድርጌ ደረደርኩ።

«ከመጀመሪያው እንጀምር» አልኩት። «ስሙ ጉግሳ ይባላል።»