የሙሽራዋ እጅጌ

የሙሽራዋ እናት ሻይዋ ሳትጠጣው ቀዘቀዘባት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ ከተቀመጠች አንድ ሰዓት ሊሞላት ነው። ዓይኗ ለቀስተኛውን ሁሉ አልፎ በመጋረጃ ወደተከለለው የስፌት ክፍል ይሄድና አፍሮ ይመለሳል።

«ስለ ቀሚሱ ነው» አለች የቁልፌ አክስት በሹክሹክታ ወደ እሷ ጠጋ ብላ። «ሰርጉ ከነገ ወዲያ አይደል? ጨንቋት እንጂ ጨክናስ አይደለም።»

ቁልፌ የሟቿ ልብስ ሰፊ አንድያ ልጅ ናት። ገና በስድስት ዓመቷ ለእናቷ ደንበኞች የሸሚዝ ቁልፍ ትሰፋ ስለነበር ስሙ ወጣላት፤ አርባ ዓመት አልፏትም ሰፈሩ የሚጠራት በእሱ ነው። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ሃያ ዓመት ሰፍታለች። የሙሽራ ቀሚስ ግን አሮጊቷ ለማንም አሳልፋ አትሰጥም ነበር። የዛሬ ሦስት ቀን ጠዋት ጸሎቷን አድርሳ፣ የስፌት መኪናዋ ፊት እንደተቀመጠች በዚያው አሸለበች።

ቁልፌ መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ አክስትም ተከተለቻት። ነጩ ቀሚስ ተንጠልጥሏል፤ የቀረው የታችኛውን ጫፍ አጥፎ መስፋት ብቻ ነው። «ተመስገን» ልትል አፏን ከፈተች። እጅጌውን ስትነካ ግን ቀሚሱን ወደ ብርሃን አዞረችው። ግራው በቀኝ፣ ቀኙ በግራ ተሰፍቷል። ሁለት ጊዜ አገላብጣ አየችው። የእናቷ ዓይን ከድቷት ኖሯል፤ ለማንም ሳትናገር ደብቃዋለች።

«አርባ ዓመት እንከን ያልወጣላት ሴት!» አለች አክስት አፏን ይዛ። «ይሄ ከተሰማ ስሟ የሚነሳው በዚሁ ነው እኮ።»

«አሁኑኑ ፈትቼ እሰፋዋለሁ።»

«በሐዘን ቤት መርፌ? ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል። እማዬ ቀን ቆርጣ የተቀበለችው ሥራ ነው።»

ብርሃን ያለው ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ስለሆነ ቀሚሱን ታቅፋ ለቀስተኛው መሃል ተቀመጠች። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ መርፌዋ ዞረ። መጀመሪያ የተናገረው የሰፈሩ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ ነው።

«ሱሪዬን በየዓመቱ ታሰፋልኝ ነበር» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «አንድ ቀን እንኳ ‹ወፈርክ› አላለችኝም። ‹ጨርቁ ነው የጠበበው እንጂ አንተማ ያው ነህ› ትለኛለች።»

«ለዚህች ውሸቷማ ንስሐ ገብታለች» አለች አክስት። ለቀስተኛው ሳቀ፤ ቁልፌም መርፌዋን እንደያዘች ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግስቱ፣ እጅጌውም የታችኛው ጫፍም ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ፣ ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር መጣች። ጥቁር በለበሱት ሴቶች መሃል ነጭ ለብሳ መቆሙ አሳፍሯት አንገቷን ደፋች። እጇን ስታነሳ እጅጌው እሺ ብሎ ተከተላት። እናቷ ግን ትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች። የድሮው መርፌ የበሳቸው ቀዳዳዎች በስሱ ይታያሉ።

«ይሄ ተፈትቶ ነው እንዴ የተሰፋው?»

አክስት ወለል ወለሉን አየች።

«የእኔ ጥፋት ነው እትዬ» አለች ቁልፌ። «እጅጌውን አቀያይሬ የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ማን እንዳስተማራት ታውቃለች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የአንድ መምህር አዲስ ኮት ላይ ካውያ ረስታ ጀርባውን አቃጥላው ነበር። ሰውዬው ሲመጣ እናቷ ፊቱ ቆመች። «ካውያውን የረሳሁት እኔ ነኝ» አለችው። አፉ እንዳመጣለት ሰደባት፤ አቀርቅራ አስጨረሰችው። ሲሄድ ቁጣ የጠበቀችውን ልጅ «ነይ፣ ካውያ እንዴት እንደሚያዝ ላሳይሽ» አለቻት፤ በቃ።

የዚያን ሳምንት እሁድ ሰባኪው ጌታ ስለ እኛ በደል በእኛ ቦታ እንደቆመ ሲናገር ቁልፌ ቀና ብላ እናቷን አየች። ሌላው በጆሮው የሚሰማውን እሷ በዓይኗ አይታዋለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚህች እናት አምላኳን ሳታመሰግን ያደረችበት ጊዜ የለም። ዛሬም የሙሽራዋ እናት ፊት ቆማ ልቧ የሚለው ይህንኑ ነው።

የሙሽራዋ እናት ቁልፌን ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያ ፊቷ ለሰስ አለ።

«ይሁን ልጄ፣ ማን ሊያየው። በዚህ ሐዘን መሃል ማድረስሽ ራሱ ተአምር ነው።»

«እዚህ ታች ግን ጠመኔ አለ» አለች ሙሽራዋ።

እውነት ነው። ጫፉ የት ላይ እንደሚታጠፍ አሮጊቷ በገዛ እጇ ያሰመረችው ሰማያዊ መስመር ቀሚሱን ዙሪያውን ይዞራል። ቁልፌ ተንበረከከች። ብሩሽ አንስታ መልሳ አስቀመጠችውና በመዳፏ ቀስ እያለች ትጠርገው ጀመር፤ ዙሪያውን እስኪያልቅ።

ስትነሳ አክስት እጇን እንድታብስበት እርጥብ ጨርቅ ዘረጋችላት። ቁልፌ አልተቀበለችም። ሰማያዊ መዳፏን ጨብጣ ሙሽራዋን እስከ በር ሸኘቻት።