የዋንዛው መስኮት

ወርቅቱ ለቤት ኪራይ አንድ ሕግ ነበራት፤ የደሞዟ ሲሶ ለቤት፣ ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም የለም። «ቤት ከሲሶ በላይ ከበላ ሰው ቤት ውስጥ አይኖርም፤ ቤቱ ነው ሰው ላይ የሚኖረው» ትላለች።

አርባን የተሻገረች፣ ከሸነን በወጣትነቷ መጥታ አምቦ የቀረች ሴት ናት። በአንድ የግል ክሊኒክ አንሶላና ጋውን ታጥባለች። ደሞዟ ትንሽ መሆኑን አትደብቅም፤ ደሞዙ ያነሰ ሰው ኑሮውም የግድ ማነስ አለበት የሚለውን ግን አትቀበልም። ጥሩ ፍራሽ አላት። በየአስራ አምስት ቀኑ ፍልውሃ ትገባለች። ሶፋ የላትም፣ ቴሌቪዥንም የላትም። «ሶፋ ለእንግዳ ነው፤ ፍራሽ ለራስ ነው» ስትል የክሊኒኩ ሰዎች ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ሐሳቧን ግን አትለውጥም።

ክፍሏ ከኦቦ ባይሳ ቤት ጀርባ የተለጠፈች፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ የሆነች ናት። ስትከራያት በር እንጂ መስኮት አልነበራትም። በእኩለ ቀን ክር በመርፌ ለማስገባት አምፖል ማብራት ግድ ይል ነበር። ዋጋዋ የረከሰውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው አይቷት ትቷታል። ወርቅቱ ግን በሩን ከፍታ ገባች፣ ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ አደረገች፣ ፀሐይ የምትወጣው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀች፣ ከዚያም ቀብድ ከፈለች።

በሁለተኛው ዓመት የአሮጌ ዕቃ ተራ ውስጥ መስኮቱን አገኘችው። ከፈረሰ ቤት የወጣ ነው። መቃኑ ዋንዛ፣ ባለ ሁለት መዝጊያ፣ አንዱም መስታወት ያልተሰነጠቀ። ነጋዴው ለማገዶ ሊሸጠው ምንም አልቀረውም ነበር። ወርቅቱ ገዛችውና አንድ ቅዳሜ፣ እድርተኛው በኦቦ ባይሳ ግቢ ተሰብስቦ ሳለ፣ ወደ አከራይዋ ቀረበች።

ኦቦ ባይሳ ከገንዘብ ቢሮ በጡረታ የወጡ፣ ቀልድ የሚወዱ፣ ይበልጥ ደግሞ ሰው ፊት መቀለድ የሚወዱ ሰው ናቸው።

«ኦቦ ባይሳ፣ ለክፍሉ መስኮት ላወጣለት ነው። የአናጢውን እንኳ ቢችሉኝ?»

«መስኮት?» አሉና ወደ እድርተኛው ዞሩ። «ስሙኝማ! ተከራዬ መስኮት አማራት! ምን አለሽና ነው በመስኮት የሚታየው? ፍራሽሽ?»

ሰው ሳቀ። ወርቅቱ እስኪያባራ ጠበቀች።

«የሚታየው ውጭ ያለው ነው። ፀሐይ።»

«እንግዲያው ለፀሐይዋ ራስሽ ክፈይላት! ከኔ አንድ ብር አትጠብቂ። መስኮቱ ያንቺ ነው። ስትወጪ ነቅለሽ፣ በጀርባሽ አዝለሽው ውጪ!»

«ቀዳዳውስ?»

«እንደነበረ ትደፍኚዋለሽ!» አሉ ኦቦ ባይሳ እንባቸውን እየጠረጉ። ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

የእድሩ ሊቀመንበር ኦቦ ነገራ ብቻ አልሳቁም። እሳቸው በለቅሶም በሰርግም ያው ፊት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ወርቅቱ ወደ እሳቸው ዞራ «ሰምታችኋል አይደል?» አለች።

«ሰምተናል» አሉ ኦቦ ነገራ።

በማግስቱ አናጢው ኢብሳ መጥቶ ማገሩን ቆርጦ መስኮቱን ገጠመው።

ከዚያ ወዲያ ክፍሏ ሌላ ክፍል ሆነች። ጠዋት ፀሐይ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ተነስታ ቀጥታ ፍራሹ ላይ ታርፋለች። ወርቅቱ ሥራ ከመሄዷ በፊት እዚያ ብርሃን ውስጥ ቁጭ ብላ ሻይዋን ትጠጣለች። በቆርቆሮ ጣሳ ጤና አዳም ተክላ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች። የኦቦ ባይሳ ባለቤት የአዴ ሮዛ ዓይን ደከም ሲል ስንዴ ይዘው መጥተው እሷ መስኮት ሥር ይለቅማሉ። «የኔ ሳሎን ሦስት መስኮት አለው፤ ሦስቱም የሚያዩት አጥር ነው» ይላሉ።

ኦቦ ባይሳም ማየት ጀመሩ። በመጀመሪያ ሲያልፉ ቆም አሉ። ከዚያ ወንበር ይዘው መጥተው ከውጭ ተቀመጡ። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ፣ ወርቅቱ ልትወጣ ስትል፣ በሩ ላይ ቆሙ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ወርቅቱ። ኑሮው እንደምታይው ነው።»

«አያለሁ።»

«ክፍሉም ተለውጧል። ድሮ ጨለማ ነበር፤ አሁን ባለ መስኮት ነው። ባለ መስኮት ክፍል በዚህ ዋጋ አምቦ ውስጥ የለም። ከሚመጣው ወር ጀምሮ እጥፍ ነው።»

ወርቅቱ የሰማችውን ለማመን አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰውየው አየች።

«መስኮቱን ማን አወጣው?»

«ግድግዳው የማን ነው?» አሉ ኦቦ ባይሳ፣ ፈገግ ብለው።

የዚያን ቀን አንሶላ ስትጨምቅ እጇ ከወትሮው በረታ። እጥፉን ከከፈለች ሲሶው ሁለት ሲሶ ይሆናል። ፍልውሃው ይቀራል። ሥጋ ለፋሲካም አይኖርም። ምናልባት ፍራሹም ይሸጣል። ያኔ መስኮቱ ምን ያሳያታል? ጦሟን የምትነሳ ሴት በፀሐይ ብርሃን! ከሁሉ የከፋት ግን ገንዘቡ አልነበረም። ሰውየው በገዛ እጇ ያመጣችውን ብርሃን መልሰው ለእሷው ሊያከራዩ ነው። እሺ ካለች ነገ ጤና አዳሙንም ያከራዩዋታል። ማታ ሄዳ «እጥፉን አልከፍልም፤ ወሩ ሲያልቅ እወጣለሁ» አለቻቸው።

በሳምንቱ ኦቦ ባይሳ አንድ ወጣት ይዘው መጡ። ጋዲሳ ይባላል፤ አዲስ የተቀጠረ የባንክ ሠራተኛ ነው። ወርቅቱ ገና ቤቱ ውስጥ ናት። ልጁ አፍሮ «ይቅርታ እናቴ» ብሎ ገባ። ፍራሹንም ጣሪያውንም አላየ፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ መስኮቱ ሥር ቆመ።

«ብርሃኑ ደስ ይላል» አለ።

«ብርሃኑማ!» አሉ ኦቦ ባይሳ። ቀብድ እዚያው ተቀበሉ። ለወርቅቱም «አልገፋሁሽም፤ ምርጫው ያንቺ ነበር» አሏት።

«እውነትዎን ነው» አለች። «መርጫለሁ።»

ከሁሉቃ ማዶ አዴ ጉዴ የሚባሉ የጎመን ችግኝ የሚሸጡ ባልቴት አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ድሮ እህል ይቀመጥባት የነበረች አንዲት ክፍል ባዶዋን ትኖራለች። ወርቅቱ ሄዳ በሩን ከፈተች፤ ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ጨለማ ናት እኮ፣ ልጄ» አሉ አዴ ጉዴ። «ሰው አይወዳትም።»

«ስንት ነው?»

ነገሯት። ከሲሶው በታች ነበር። ወርቅቱ ሌላ ነገር አልጠየቀችም፤ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ ብቻ ጠየቀች።

ከዚያ በኦቦ ባይሳ ግቢ ጥግ አፈር አስደፋች። ከሥራ ስትመለስ የክሊኒኩን ቦቲ ጫማ ታጠልቅና ጭዱን በትና፣ ውሃውን አፍስሳ፣ ጭቃውን ትረግጣለች። በነጋታው ደግሞ ትረግጠዋለች፤ የምርጊት ጭቃ ካልሰነበተ ግድግዳ አይዝም። ኦቦ ባይሳ ይህን ሲያዩ ልባቸው ተነካ።

«ኢንተላ ገሪ!» አሉ። «ጎበዝ ልጅ! ሰው ሲወጣ እንዲህ ነው፤ የኖረበትን ቤት መርጎ፣ አሳምሮ። ውሃ ከኔ ቧንቧ ቅጂ፣ አትግዢ። ሮዛ! ይህችን ሴት እይልኝማ!»

አዴ ሮዛ ወጥተው አዩ። ጭቃውን አዩ። መስኮቱን አዩ። ወርቅቱን አዩ። ባላቸው ወደ ቤት እስኪገቡ ጠብቀው ጠጋ አሉ።

«ጭድ ጨምሪበት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቀዳዳ ላይ ሲሆን ይሰነጠቃል።»

ቅዳሜ ጠዋት ኢብሳ ድጅኖውን ይዞ መጣ፤ ባለ ጋሪውም በር ላይ ቆመ። ፍራሹ ተጫነ፣ ድስቱ ተጫነ፣ ጤና አዳሙ ተጫነ። ኦቦ ባይሳ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው «በሰላም ውጪ፣ በሰላም» እያሉ ይመርቃሉ። ድጅኖው የመቃኑን ጥግ ሲያንቋቋው ነው የተነሱት።

«ምንድን ነው? ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«መስኮቴን እየነቀልኩ ነው» አለች ወርቅቱ።

«የማንን? ቤቴን ታፈርሻለሽ? ቀብድ የተቀበልኩበትን ቤት! ሕግ የለም? ኢብሳ፣ አስቀምጥ ያንን ብረት!»

ኢብሳ ወደ ወርቅቱ አየ።

«ቀጥል» አለችው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ባለ ጋሪው ፈረሱን አስሮ ገባ። ኦቦ ባይሳ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ፤ «ነገራን ጥሩልኝ! እድሩ ይፍረድልኝ! ኦቦ ነገራን ጥሩ!» አሉ። አዴ ሮዛ «አንተ ሰውዬ፣ ነገራን ባትጠራ ይሻልሃል» አሏቸው፤ አልሰሙም።

ኦቦ ነገራ ዘንጋቸውን ይዘው ቀስ ብለው መጡ። ነገሩን ከሁለቱም ወገን ሰሙ። ከዚያ ኦቦ ባይሳን «መስኮቱ ያንቺ ነው፣ ስትወጪ ነቅለሽ ውጪ ብለሃል ወይስ አላልክም?» ብለው ጠየቁ።

«ቀልድ ነበር እኮ! ሁላችሁም ስቃችኋል!»

«እኔ አልሳቅሁም» አሉ ኦቦ ነገራ።

ከሰዉ መሀል አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

«እድር ፊት ቀልድ የለም፣ ባይሳ። እድር ፊት የተነገረ ቃል ሬሳ የሚያስነሳ፣ ድንኳን የሚያስተክል ቃል ነው። ነገ አንተ ስትሞት እንቀብርሃለን ያልነው ቀልድ ነበር ብንልህስ?»

ኦቦ ባይሳ መስኮቱን አዩ፤ ግማሹ ከግድግዳው ወጥቷል። የባንኩ ልጅ ሰኞ ይመጣል። ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው ወደ ወርቅቱ ቀረቡ።

«እሺ፣ ወርቅቱ። ተሳስቻለሁ እንበል። በድሮው ዋጋ ቆዪ። ለልጁ ቀብዱን እመልስለታለሁ። ዕቃሽን አውርጂ፤ ይኸው ሰው ይስማኝ።»

ወርቅቱ ወደ ክፍሏ ውስጥ አየች። ፀሐይዋ አሁንም በተንጠለጠለው መስታወት በኩል ገብታ ፍራሹ የነበረበት ቦታ ላይ አርፋለች። ያንን ቦታ ታውቀዋለች። ለክሊኒኩ ቅርብ ነው፤ ከሁሉቃ ማዶ ግን ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ነው። አንዲት ሴት ከኋላ «ተቀበይ እንጂ!» ስትል ሰማች።

«በድሮው ዋጋ እስከ መቼ?» አለች በመጨረሻ።

«ያው … እያየን።»

«አይ፣ ኦቦ ባይሳ። መስኮቱ ጋሪ ላይ ሊወጣ ሲል ነው ዋጋው የወረደው። ተመልሶ ሲገጠም ተመልሶ ይወጣል። እርስዎ ያከራዩኝ ጨለማ ነበር፤ ጨለማዎን ሳላጎድል እመልሳለሁ። ኢብሳ፣ ቀስ ብለህ፤ መስታወቱን።»

መስኮቱ ወጣ። ሁለት ሰው ተሸክሞ ጋሪው ላይ፣ ፍራሹ መሀል አጋደመው። ኢብሳ ማገሩን መልሶ አሰረ፤ ወርቅቱ ቦቲዋን አጥልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ጭቃውን ትለጥፍ ጀመር። ግማሹን ከውጭ ለጠፈች፤ የቀረውን ከውስጥ ልትጨርስ ገብታ በሩን ዘጋች። ቀዳዳው ጠበበ። የሰው ፊት የሚያህል ሆነ፤ ከዚያ መዳፍ የሚያህል። በዚያች መዳፍ በምታህል ብርሃን የራሷን እጅ አየች፤ እስከ ክንዷ ጭቃ ነው። የመጨረሻዋን ጭቃ ጭና ደፈነች፣ በእጇ አለሰለሰች፣ በዳበሳ በሩን አግኝታ ወጣች።

ኦቦ ባይሳ ከበረንዳቸው አልወረዱም። «ጎርባጣ ነው» አሉ ግድግዳውን እያዩ።

«ሲደርቅ ይስተካከላል» አሉ አዴ ሮዛ። «ጭዱ በቂ ነው።» ከዚያ ወርቅቱን አቅፈው ሳሟት፤ ጭቃው ነጠላቸውን ነካው፤ አላራገፉትም።

ጋሪው ድልድዩን ሲሻገር መስታወቱ ሰማዩን ይዞ ነበር የሚሄደው። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። አንድ የባጃጅ ሹፌር «እናት፣ ቤቱን የት ጣልሽው?» ብሎ ጮኸ።

«ቤቱ የሰው ነው!» አለች ከጋሪው ላይ። «የኔ ይሄ ነው!»

ኦቦ ነገራ ማንም ሳይጠራቸው ከጋሪው ኋላ በእግራቸው ተከትለው ነበር። አዴ ጉዴ በር ላይ ሆነው መስኮቱን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ግድግዳዬን ልትበሺው ነው?»

«ከፈቀዱልኝ። ግድግዳው የእርስዎ ነው፤ መስኮቱ የኔ ነው። ስወጣ እነቅላለሁ፣ ቀዳዳውን እደፍናለሁ። ኦቦ ነገራ እየሰሙ ነው።»

አዴ ጉዴ ሞኝ አይደሉም። አሰብ አደረጉና «እሺ፤ ግን ከዓመት በኋላ ኪራይ ብጨምርብሽስ? ኑሮው ነው፤ ችግኙም አይሸጥም» አሉ።

«ይጨምሩ። ከደሞዜ ሲሶ እስካላለፈ እከፍላለሁ።»

«ካለፈስ?»

«ጭድ እገዛለሁ።»

አዴ ጉዴ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ቁረጪው! ቁረጪው እንግዲህ! እኔም በዚያ በኩል ችግኞቼን አይባቸዋለሁ።»

«ሰምተናል» አሉ ኦቦ ነገራ። ሊሄዱ ሲሉ ዘንጋቸውን ወደ ወርቅቱ ጠቆም አድርገው «ጀባዱ፤ ጠንከር በይ» አሏት። ፈገግ ያሉም መሰላት፤ እርግጠኛ ግን አልነበረችም።

ኢብሳ ከሰል አንስቶ ጨለማዋ ክፍል ውስጥ ገባና ግድግዳው ላይ በቁመቱ ልክ መስመር አሰመረ። ወርቅቱ ፍራሹን ጎትታ አስገባች፤ በምሥራቁ ግድግዳ አስጠግታ ዘረጋችው፤ ከነጭቃዋ ተጋደመችበት፤ ቀና ብላም መስመሩን አየች።

«ዝቅ አድርገው» አለችው።

«የሰው መስኮት እዚህ ጋ ነው የሚሆነው፣ እትዬ። ቆመሽ እንድታዪ።»

«ስቆም ውያለሁ» አለች ወርቅቱ። «ዝቅ አድርገው፤ ተኝቼ ነው የማየው።»